ሁለት ሰከንድ ከሩብ

የኛ ሮኬት አትበርም፤ ቀድሜ ልንገራችሁ፣
ሽቅብ ሽቅብ እያያችሁ አይደንዝዝ አንገታችሁ።
አፏ ወደ ሰማይ ነው፣ አናቷ ወደ መሬት፣
ስድስት ብሎን ጠፍሯት፣ ተተክላ በኮንክሪት፣
ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር ካለ ሜዳ፣
እየገፋች የማትሄድ፣ እየጮኸች የማትፈነዳ።
(ካልፈነዳች ማለቴ ነው።)

ሦስት እህቶች ነበሯት።
የመጀመሪያዋ በኅዳር፣ ክዳኗን አሽቀንጥራ ተፍታ፣
ሁለተኛዋ በጥር፣ ጎኗ ቀልጦ ተከፍታ፣
ሦስተኛዋ እንደ እርጥብ ማገዶ፣ ጨሳ ጨሳ ጨሳ፣
ዓይናችንን አስለቅሳ፣ ተኛች ምንም ሳታነሳ።

ስኳር በጠፋበት ወር፣ የካፌውን ድርሻ ቆጥበን፣
ሻያችንን መራራ ጠጣን፣ ጣፋጩን ለእሳት መግበን።

ፈቃድ ፍለጋ ቀበሌ ሄድን።
«ርችት ነው?» አለን። «አይደለም።» «ታዲያ ምንድነው?» «ሞተር።»
«ሞተር ከሆነ ታርጋ አውጡ፤ እኔ ጋ የለም የሞተር ነገር።»
ሦስት ሳምንት አመላልሶን፣ በመጨረሻ ማኅተሙን መታ፣
ከሥሩም በእጁ ጻፈበት፦ «ይፈቀዳል። ግን በእርጋታ።»

ጋሽ አበጀን ላስተዋውቃችሁ፤ ስሙን ከሥራው ያልለየ፣
ከፖሊ ወርክሾፕ ቶርኖ ጋር፣ ሃያ ዓመት አብሮ የቆየ።
የጉሮሮዋን ቀዳዳ፣ በፀጉር ስፋት እየለካ፣
«ወረቀት ላይማ ድንጋይም ይበራል፤ ብረቱ ነው የሚያውቅ ለካ!»
ሦስተኛውን ሕግ ስንጠቅስለት፣ መነጽሩን እፍ እፍ ብሎ፣
«አንደኛው ሕግ እጅ አይቸኩል» ይላል፣ ብረቱን ከመንጋጋው ነቅሎ።

ቀኑ መጋቢት ነበር፣ የሐይቁ ነፋስ ሳይነሳ።
ታንኳውን ከደንገሉ አስጠግቶ፣ እንየው የሚባል ዓሣ አጥማጅ መጣ፣
ማሰሪያዋን ዞሮ ዞሮ አየና፣ አንዲት ጥያቄ አወጣ፦
«የት ነው የምትሄደው?»
«የትም።»
«ታዲያ ለምን ታነዷታላችሁ?»
ስለናት ከአሸዋው ጆንያ ጀርባ፦
«በሬ ከመጥመድህ በፊት ጉልበቱን አታይም?» አለችው።
«እኔ በሬ የለኝም፤ ውሃ ነው የማርሰው።»
ግን አልሄደም። ቆይቶ፣ ለራሱ እንደሚነግር ሰው፦
«አዲስ ታንኳም እንዲሁ ነው፤ ታስሮ ነው የሚፈተነው።»

አስር። ዘጠኝ። ስምንት። ስድስት።
ይበልጣል ሰባትን ዘለላት፤ ማንም አልሳቀ።
ጋሽ አበጀ ከኪሱ ጥጥ አወጣ፣ ግማሹን ለእንየው ሰጠው።

ከዚያ
መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም፤ ነጭ ነገር ብቻ።
ድምፁ ከኋላ ደረሰ፣ በደረታችን በኩል ገባ፣
ሜዳው በጫማችን ሥር እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ፣
ሐይቁ ዳር ድረስ ያለው ወፍ ሁሉ ከደንገሉ ተነሣ።
ያን ቀን የበረረ ነገር ካለ፣ እነሱ ነበሩ።

ሁለት ሰከንድ ከሩብ።
ሁለት ዓመት ሌሊቱን ሙሉ የበላን ነገር፣
ምራቅ ዋጥ እስኪደረግ አለቀ።

ሚዛኗ ከእህል በረንዳ በርካሽ የገዛናት ናት፣
ዕድሜ ልኳን ጤፍ ስትመዝን፣ እሳት መጥቶ ተቀመጠባት።
መስመሩ ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ እንደ አምባ አናቱ ተደላደለ፣ ወረደ።
ሠላሳ ስምንት ኪሎ። ካሰላነው በሦስት ኪሎ አልፎ።
«ይበልጣል!» ብላ ጮኸች፣ ጥቀርሻ ፊቷ ላይ ያለባት ስለናት፤
ልጁን ይሁን ቁጥሩን እንደጠራች፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅናት።

ጋሽ አበጀ ቁጥሩን አላየም።
ብረቱ እስኪበርድ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤
በባትሪ መብራት ጉሮሮዋን አየ፣ በጣቱ ዳሰሰ።
«አልተበላም» አለ።
ሌላ ቃል አልወጣውም፤ እኛም ሌላ ቃል አልፈለግንም።

እንየው ጥጡን ከጆሮው አውጥቶ በጥንቃቄ መለሰለት፣
መቅዘፊያውን ይዞ ከደንገሉ ጫፍ ሲደርስ ዞር አለና፦
«ስትፈታ ጥሩኝ» አለን።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦
አራተኛ ሙከራ። ሁለት ሰከንድ ከሩብ።
ሠላሳ ስምንት ኪሎ። ጉሮሮ ደህና።
ወፎቹ ገና አልተመለሱም።